የብጉር ጠባሳና የጓዳ መድኃኒት፦ የሚለቀውና የማይለቀው

ብጉር ከሄደ በኋላ የሚተወው ምልክት ብዙ ጊዜ ከብጉሩ ይበልጥ ሰውን ያማርራል። ብጉሩ ሳምንት ሁለት ሳምንት አስጨንቆ ይከስማል፤ ምልክቱ ግን ወራትን ተሻግሮ ለምረቃ ፎቶውም፣ ለሠርጉም፣ ለሥራ ቃለ መጠይቁም አብሮ ይቀርባል። ስለዚህ በየቤቱ መላ አይጠፋም። አንዷ ሎሚ ታሻለች፤ ሌላዋ ማርና እርድ ለውሳ ትለጥፋለች፤ ወንዱ ልጅ ኮልጌት ቀብቶ ያድራል፤ አክስት እሬት ቆርጣ ትልካለች፤ ጎረቤት ደግሞ ነጭ ሽንኩርት ነው መድኃኒቱ ትላለች። ምክሩ የሚመጣው ከፍቅር ነው፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። በዚያ ላይ የቆዳ ሐኪም በቀላሉ በማይገኝበት አገር ሰው ያለውን ቢሞክር አይፈረድበትም።

ይሠራል ወይ ለሚለው ጥያቄ ግን አንድ መልስ መስጠት አይቻልም፤ ጠባሳ እያልን የምንጠራው ነገር አንድ አይደለምና። አንዱ ዓይነት ጊዜ ካገኘና ካልነካካነው በራሱ ይለቃል። ሌላው ጓዳ ውስጥ ባለ በማንኛውም ነገር አይለቅም። እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ በራሱ ሊለቅ የነበረው ምልክት እንዲለቅ ተብሎ በተቀባው ነገር ሲጠቁር ማየት ነው። በእኛ ቆዳ ላይ ይህ ብርቅ አይደለም።

ቀለም ነው ጉድጓድ?

መስኮት አጠገብ ይቁሙ። ብርሃኑ ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን እንዲያርፍብዎ መስታወቱን ያዙሩት። ከዚያ ዓይንዎን ጨፍነው በጣት ጫፍ ምልክቱ ላይ ቀስ ብለው ይለፉበት። ጣትዎ ምንም ካልተሰማውና ቆዳው ልሙጥ ከሆነ፣ የሚታየውም ጥቁር ወይም ቡናማ ነጥብ ብቻ ከሆነ፣ ያ የቀለም ክምችት ነው። ጣትዎ ስርጉድ ያለ ቦታ ላይ ከገባ፣ ወይም ከጎን የመጣው ብርሃን ምልክቱ ውስጥ ጥላ ከጣለ፣ ያ እውነተኛ ጠባሳ ነው። ከቆዳው በላይ ከፍ ብሎ ጠንከር ያለ እብጠት ካገኙ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ነው። ብዙ ሰው ፊት ላይ ሁለቱ ወይም ሦስቱም ተደባልቀው ይገኛሉ፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ምልክት ለየብቻ መዳሰስ ያስፈልጋል።

በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ በብዛት የሚታየው የመጀመሪያው ነው። ቀለም የሚያመርቱት የቆዳ ሕዋሳት ቁጥር በጥቁር ሰውም በነጭ ሰውም ተቀራራቢ ነው፤ የሚለያዩት በሚያመርቱት ሜላኒን መጠንና ቆዳ ሲቆጣ በሚሰጡት ምላሽ ነው። ብጉር ቆዳውን ሲያስቆጣው ሕዋሳቱ ሜላኒን አብዝተው ይረጫሉ። ብጉሩ ይድናል፣ ቀለሙ ይቀራል። ቀለሙ በላይኛው የቆዳ ሽፋን ላይ ብቻ ከቀረ፣ ቆዳው ራሱን እያደሰ ሲገፈፍ አብሮ ይሄዳል፤ ይህም ከጥቂት ወራት እስከ አንድ ዓመት ገደማ ይወስዳል። ወደ ታችኛው ሽፋን ከወረደ ግን መልኩ ወደ ግራጫ ያደላል፣ ዓመታትም ሊቆይ ይችላል። በሁለቱ ጉንጮች ላይ ተመጣጥኖ የሚወጣውን፣ በእርግዝና ወይም በወሊድ መከላከያ ጊዜ የሚብሰውን ማዲያትን ከዚህ ጋር ማምታታት አይገባም። እሱ ከብጉር የሚመጣ አይደለም።

ጉድጓዱ የሚፈጠረው በሌላ መንገድ ነው። ብጉር በጥልቀት ሲያፈርጥ ቆዳውን ከሥር ወጥሮ የሚይዘውን ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ያፈርሳል። ሰውነት ያንን ጉድለት በቅጡ ካልሞላው ቆዳው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ አንዳንዱ ጠባብና ጥልቅ፣ አንዳንዱ ሰፋ ብሎ ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ አንዳንዱም ለስላሳ ወጣ ገባ ይሆናል። ልስኑ የረገፈ የጭቃ ግድግዳ ቀለም ስለተቀባ ጉድጓዱ እንደማይሞላ ሁሉ፣ ይህም ላዩን በሚቀባ ማርም ሆነ ሎሚ አይሞላም። ያበጠው ጠባሳ፣ ሐኪሞች ኬሎይድ የሚሉትን ጨምሮ፣ ኮላጅን ከሚገባው በላይ የተከማቸበት ነው፤ በአገጭ መስመር፣ በደረትና በትከሻ ላይ ይበዛል።

ይህ ልዩነት የብዙ ምስክርነቶችን ምንጭም ያሳያል። አንዲት ልጅ ፊቷ ላይ ለነበረው ጥቁር ነጥብ እርጎ ለስድስት ወር ተቀባችና ለቀቀላት እንበል። በእነዚያ ስድስት ወራት ቆዳዋ ደጋግሞ ራሱን አድሷል፤ ምንም ባትቀባም የሚለቅበት ዕድል ሰፊ ነበር። ምስጋናው ግን ለእርጎው ይሰጣል፣ ምክሩም ለእህት፣ ለጓደኛ ይተላለፋል። ስለዚህ ሐኪሞች አንድን ነገር ሲፈትኑ ግማሹ ሰው መድኃኒቱን፣ ግማሹ ደግሞ መድኃኒት የሌለበትን ክሬም እንዲቀባ ያደርጋሉ። ጊዜ ብቻውን የሚሠራውን ሥራ የሚለዩት በዚያ ነው።

የሎሚ ነገር

ስለ ሎሚ ረዘም አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ ከጓዳው መድኃኒት ሁሉ በብዛት የሚመከረውም፣ በእኛ ፀሐይ ሥር ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈራውም እሱ ነው።

የሚነገርለት ቫይታሚን ሲ አለው ተብሎ ነው። እውነት ነው፣ አለው። ግን መቶ ግራም የሎሚ ጭማቂ ውስጥ ያለው ከ30 እስከ 50 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው፤ በመቶኛ ሲሰላ 0.05 እንኳ በቅጡ አይሞላም። ለቆዳ ተብለው የሚሠሩት የቫይታሚን ሲ ቅባቶች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይይዛሉ። ሎሚ በብዛት የያዘው ሲትሪክ አሲድ ነው። የጭማቂው ፒኤች 2 አካባቢ ሲሆን የጤናማ ቆዳ ከ4.5 እስከ 5.5 ነው፤ ይህ ማለት ጭማቂው ከቆዳው በመቶዎች እጥፍ የበለጠ አሲድ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሎሚ ያሸ ሰው በቫይታሚን ስም የተቀባው አሲድ ነው። አሲዱ ቆዳውን ይለበልባል፣ የተለበለበ ቆዳ ይቆጣል፣ የተቆጣ ቆዳ ደግሞ ይጠቁራል።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ገበያ ላይ በመደብ የሚሸጠው ያ ትንሹ፣ ክቡ፣ አረንጓዴ ሎሚ በተለይ በልጣጩ ፉሮኮማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ይይዛል። እነዚህ ቆዳ ላይ ተቀምጠው የፀሐይ ጨረር ሲያገኛቸው ይነቃሉ፣ ቆዳውንም ያቃጥላሉ። አንዲት ልጅ ጠዋት ግማሽ ሎሚ ጉንጯ ላይ አሽታ፣ በውኃ ለቅለቅ አድርጋ፣ አምስት ሰዓት ላይ ታክሲ ሰልፍ ብትቆም በዚያች ሰዓት ምንም አይሰማትም። የሚነሳው በማግሥቱ ነው፤ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን መቅላቱና መለብለቡ ይብሳል፣ አንዳንዴም ውኃ ይቋጥራል። ከዚያ ይደርቅና ጭማቂው በፈሰሰበት መስመር ልክ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ጣቶቿ የነኩበት ቦታ የጣቶቿ ቅርጽ፣ ወደ አንገቷ የወረደው ጠብታ የጠብታው ፈለግ ሆኖ ለሳምንታትና ለወራት ይታያል።

ከእነዚሁ ንጥረ ነገሮች ወገን የሆኑትን ሐኪሞች ራሳቸው ይጠቀሙባቸዋል። የሚጠቀሙባቸው ግን ለለምጽ ነው፤ የነጣውን ቆዳ ከጨረር ጋር አድርገው መልሰው ለማጥቆር። ቆዳን የሚያጠቁር ነገር ጥቁር ነጥብን ለማስለቀቅ ፊት ላይ ማሸት ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

ጤና አዳምም ከዚሁ ወገን ነው። በቡና ላይ ጣል ሲደረግ ደስ የሚለው ይህ ተክል ቅጠሉ ተጨቅጭቆ ቆዳ ላይ ከዋለና ፀሐይ ካገኘው ከሎሚ ባልተናነሰ ያቃጥላል። ተፈጥሯዊ ነው፣ አይጎዳም የሚለው አነጋገር ፊት ላይ አይሠራም።

ነጭ ሽንኩርት ጥሬውን ተጨቅጭቆ ቆዳ ላይ ሲታሰር እንደ እሳት ያቃጥላል፤ በሕክምና መጽሔቶች ላይ ደጋግሞ የተመዘገበ ጉዳት ነው። ኮልጌት ለጥርስ የተሠራ ነው፤ ብጉሩን ያደርቀዋል፣ ዙሪያውንም ያስቆጣዋል። ለዳቦ የሚገባው ሶዳ ከሎሚ በተቃራኒ አቅጣጫ የቆዳውን ሚዛን ያዛባል። በስኳርና በቡና አተላ መፈግፈግ የሞተ ቆዳን ያነሳል ይባላል፤ ብጉር ባለበት ፊት ላይ ግን የሚያነሳው ጤነኛውን ጭምር ነው፣ ጉድጓድን ደግሞ በመፈግፈግ ማስተካከል አይቻልም።

የማይጎዱትና የሚጠቅሙት

ማር የተከበረ ነገር ነው። ቁስል ላይ መዋሉ ከጥንት ግብፅ ጀምሮ ተጽፎ የኖረ ሲሆን በዘመናዊ ሕክምናም ለቁስልና ለቃጠሎ ተመርምሮ ጥቅም ተገኝቶበታል። ለብጉር ግን በኒውዚላንድ ካኑካ ከተባለ ዛፍ አበባ የተገኘ ማር በደንብ ተፈትኖ ነበር፤ ውጤቱ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ሲታተም፣ በፀረ ባክቴሪያ ሳሙና ብቻ ፊታቸውን ከታጠቡት ይልቅ ማሩን የጨመሩት ተሽለው አልተገኙም። ለጠባሳው ደግሞ ማር የፈረሰ ኮላጅንን አይመልስም። መቀባቱ ደስ ካሰኘ፣ ቆዳውም ካልተቆጣ፣ ክልከላ የለውም።

እሬት ከማር ሻል ያለ ስም አለው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ቆዳን ያረጥባል፣ የተቆጣንም ያበርዳል። ቅጠሉ ሲቆረጥ ከቅርፊቱ ሥር የሚወጣው ቢጫና መራራ ፈሳሽ ግን ቆዳ ያሳክካል፤ ቅጠሉን አቁሞ ያ ፈሳሽ እስኪንጠፈጠፍ መጠበቅና ዝልግልጉን በውኃ ማለቅለቅ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ክንድ ላይ ሞክሮ አንድ ቀን መጠበቅ ብልህነት ነው። አገራችን የራሷ የሆኑ ብዙ የእሬት ዝርያዎች አሏት፤ ስለ አንዱ የተነገረው ለሌላው ሁሉ ይሠራል ማለትም አይቻልም።

እርጎ ላክቲክ አሲድ አለው። ላክቲክ አሲድ ደግሞ በእርግጥም የቆዳ መድኃኒት ነው። በእርጎ ውስጥ ያለው ግን አንድ በመቶ አካባቢ ሲሆን ለቆዳ የሚሸጡት ቅባቶች አምስትና አሥር በመቶ ይይዛሉ። እርጎ ስለዚህ ቆዳውን ያለሰልስ ይሆናል፣ ከዚያ ብዙ መጠበቅ አይገባም። እርድ ፊትን ቢጫ ያደርጋል፤ ለጊዜው የሚመጣውን ወርቃማ መልክ ሰዎች እንደ መለቀቅ ያዩታል።

በካፕሱል የሚሸጠውን ቫይታሚን ኢ በመርፌ ወግቶ ጠባሳ ላይ ማፍሰስም የተለመደ ነው። በ1999 (እ.ኤ.አ.) የማያሚ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 15 ሰዎች ጠባሳ ለሁለት ከፍለው፣ በአንዱ ግማሽ ላይ ቫይታሚን ኢ ያለበትን፣ በሌላው ላይ የሌለበትን ቅባት አስቀቡ። በአሥር ሰው ዘጠኙ ላይ ቫይታሚኑ ምንም አልለወጠም ወይም ጠባሳውን አባሰው፤ ከሦስት ሰው አንዱ ደግሞ ቆዳው ተቆጣ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ የቀዶ ሕክምና ጠባሳም ከብጉር ጠባሳ ይለያል። ቢሆንም ለዚህ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም ለማለት ይበቃኛል።

ከጓዳው ዕቃ ሁሉ ማንም የማያወድሰው ቫዝሊን ለእኔ ከፊት ይሰለፋል፤ ጠባሳው ከተፈጠረ በኋላ ሳይሆን ከመፈጠሩ በፊት። ብጉር ፈንድቶ ቁስል ሲሆን ደርቆ ቅርፊት እንዲያወጣ መተው የቆየ ልማድ ነው። እንግሊዛዊው ጆርጅ ዊንተር በ1962 (እ.ኤ.አ.) በአሳማ ቆዳ ላይ ባደረገው ሙከራ ግን እርጥበት የተጠበቀለት ቁስል ተራቁቶ ከደረቀው ይልቅ ቶሎ ቆዳ እንደሚሸፍነው አሳየ፤ የዛሬው የቁስል አያያዝ ከዚያ ተነሥቷል። የፈነዳውን ብጉር በለስላሳ ሳሙናና ውኃ አጥቦ፣ በቁስሉ ላይ ብቻ ስስ ቫዝሊን መቀባትና ቅርፊቱን አለመላጥ በሳንቲም የሚሠራ ሥራ ነው።

ፀሐይ፣ ጥፍርና ቅቤ

ለቀለሙ በቤት ውስጥ ሊደረግ ከሚችለው ሁሉ የሚልቀው ፊትን ከፀሐይ መጠበቅ ነው። ብጉሩ የረጨውን ቀለም ፀሐይ ታደምቀዋለች፣ ዕድሜውንም ታራዝመዋለች። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ለምድር ወገብም የቀረበች ከተማ ናት። ከፍታ በአንድ ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ ጨረር ከ10 በመቶ ያላነሰ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል አይሰማንም እንጂ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ያለው ጨረር ብርቱ ነው። የታክሲ መስኮት መስታወትም ቆዳን የሚያጠቁረውን የጨረር ክፍል በአብዛኛው ያሳልፋል።

የፀሐይ መከላከያ ክሬም ለብዙዎቻችን ውድ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞ የሚመጣው ዕቃ ከሆነም ሰንብቷል። ለሚገዛ ሰው የመከላከያ ቁጥሩ (SPF የሚለው) 30 እና ከዚያ በላይ ይሁን፤ ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት ልክ ይቀባ፤ ውጭ የሚውል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ይድገመው። ጠይም ቆዳን የሚያጠቁረው ደግሞ የማይታየው ጨረር ብቻ አይደለም፤ በዓይን የሚታየው ብርሃንም ያጠቁረዋል። ስለዚህ የብረት ኦክሳይድ ያለበት፣ ቆዳ የሚመስል ቀለም የተቀላቀለበት ክሬም ለእኛ ከነጩ ይሻላል፤ ፊትንም አመድ አያስመስልም። አቅም ለሌለው ሰው ሰፊ ባርኔጣ፣ ዣንጥላና ጥላ ጥላውን መሄድ አለለት። እናቶቻችን ነጠላቸውን ግንባራቸው ድረስ ስበው ገበያ የሚወጡት በከንቱ አይደለም፤ ስስ ነጠላ ግን ጨረር ስለሚያሳልፍ አጥፎ መደረብ ይሻላል።

ጥፍር ሁለተኛው ጠላት ነው። ብጉርን ማፍረጥ መግሉን ወደ ውጭ ብቻ አይገፋውም፤ የቀዳዳውን ግድግዳ አፍርሶ ወደ ውስጥም ይገፋዋል። ላዩ ላይ ሊያልቅ የነበረው ቁጣ ወደ ኮላጅኑ የሚደርሰው በዚህ ነው።

ስለ ፀጉር ቅቤ ጥቂት ሰው ያስባል። ብጉሩ ግንባር ላይና ከፀጉሩ መስመር ሥር ከተደረደረ ምክንያቱ ራስ ላይ ያለው ሊሆን ይችላል። በ1970 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ፕሌዊግ፣ ፉልተንና ክሊግማን የተባሉ ሐኪሞች የፀጉር ቅባት አዘውትረው በሚቀቡ ጥቁር ወንዶች ግንባር ላይ የሚወጣ የተለየ ብጉር መኖሩን ጽፈው ነበር። ቅቤም ቅባት ነውና ሲቀልጥ ግንባር ላይ ይወርዳል። ቅቤ መቀባት ይቅር አልልም፤ ሻሹ ግንባር ላይ ሳይሆን ከፀጉሩ መስመር በላይ ይታሰር፣ የወረደውም ሳይውል ሳያድር ይታጠብ።

ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው

ጓዳው ያልቻለውን ቤት ውስጥ የሚቀቡ አንዳንድ መድኃኒቶች ይችሉታል። አዜላይክ አሲድ በገብስና በስንዴ ውስጥ በጥቂቱ የሚገኝ ነው፤ መድኃኒት ሆኖ ሲዘጋጅ 15 ወይም 20 በመቶ ይሆናል፣ ብጉሩንም ጥቁር ነጥቡንም ይረዳል፣ ነፍሰ ጡር ሴትም ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራ ልትጠቀምበት ትችላለች። በበሶ ፊት ቢለቀለቅ ግን ያ መጠን አይገኝም። ናያሲናማይድ አራት አምስት በመቶ ሲሆን ሜላኒን ወደ ላይኛው ሽፋን እንዳይሻገር ያዘገያል፤ ቆዳንም እምብዛም አያስቆጣም።

ከሁሉ የተፈተነው ትሬቲኖይን ነው። በ1993 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ ጥናት ቆዳቸው ተቆጥቶ ጥቁር ምልክት የቀረባቸውን ጥቁር ሰዎች ለ40 ሳምንታት ተከታትሎ፣ ትሬቲኖይን የተቀቡት ምልክት መድኃኒት የሌለበትን ክሬም ከተቀቡት ይበልጥ እንደለቀቀ አሳይቷል። አርባ ሳምንት መሆኑን ልብ ይሏል፤ በሁለት ሳምንት አጠራለሁ የሚል ማስታወቂያ ሁሉ ውሸት መሆኑን በዚህ መለየት ይቻላል። ይህን መድኃኒት ለብጉር ያስተዋወቀው ከላይ የጠቀስኩት አልበርት ክሊግማን ነው። ሙከራውን ያካሄደውም ፊላደልፊያ ባለው የሆልምስበርግ እስር ቤት እስረኞች ላይ ሲሆን፣ ከእነሱ ብዙዎቹ ጥቁሮች ነበሩ። የዛሬው ቱቦ ከማን ቆዳ ላይ እንደመጣ መርሳት አይገባም።

የትሬቲኖይን ዘመድ የሆነውን የ0.1 በመቶ አዳፓሊን አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ይገዛሉ። ሁለቱንም ማታ ብቻ፣ ለፊት ሁሉ በአተር ፍሬ መጠን፣ መጀመሪያ በሁለትና በሦስት ቀን አንዴ መቀባት ነው። ቸኩሎ ያበዛው ሰው ቆዳው ተልጦና ተቆጥቶ ሌላ ጥቁረት ያተርፋል። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ሁለቱንም አትጠቀም።

በየሱቁና በየውበት ሳሎኑ ስም በሌለው ብልቃጥ የሚሸጠው ድብልቅ ክሬም ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ፊት በሳምንት ውስጥ ፈካ ካለ ክሬሙ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው እንደ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን ያለ ብርቱ ስቴሮይድ፣ ከፍተኛ መጠን ያለው ሃይድሮኪኖን ወይም ሜርኩሪ ነው። ስቴሮይዱ ቆዳን ያሳሳል፣ የደም ሥር ያወጣል፣ ራሱም ብጉር ያመጣል፤ ሲቆም ደግሞ ፊት እንደ ፍም ይቀላል። ለወራት የተቀባ ሰው በድንገት ከማቆም በሐኪም ምክር ቢያቆም ይሻለዋል። ሃይድሮኪኖን በሐኪም እጅ ለአጭር ጊዜ መድኃኒት ነው፤ ለዓመታት ሲቀባ ኦክሮኖሲስ የተባለ፣ ለማስለቀቅ እጅግ የሚያስቸግር ሰማያዊ ጥቁረት ያመጣል። ይህ ጉዳት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በ1975 (እ.ኤ.አ.) ታውቆ አገሪቱ በ1990 ሃይድሮኪኖንን ከመዋቢያ ዕቃዎች አገደች። ሜርኩሪ ደግሞ በቆዳ ገብቶ ኩላሊት ይጎዳል። ሜርኩሪ ያለበት መዋቢያ እንዳይመረትና እንዳይነገድ በ2013 (እ.ኤ.አ.) የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት እስከ 2020 ቀነ ገደብ አስቀምጦ ነበር፤ ክሬሙ ግን አሁንም በየአገሩ ገበያ ላይ ይያዛል። የይዘት ዝርዝር ያልተጻፈበት ክሬም ፊት ላይ አይውጣ።

ጉድጓዱስ?

ለጉድጓዱ ያለው ሕክምና ክሊኒክ ውስጥ ነው። በመርፌ ጠባሳውን ከሥር ወጥሮ የያዘውን ጅማት መቁረጥ፣ በጥቃቅን መርፌዎች ቆዳውን ወግቶ አዲስ ኮላጅን እንዲሠራ መቀስቀስ፣ በጠባቡ ጉድጓድ ውስጥ ብርቱ አሲድ በጥንቃቄ ማንጠብ፣ ሌዘር፤ እነዚህ ሁሉ ጠባሳውን ያሻሽሉታል እንጂ ፈጽመው አያጠፉትም። በጠይም ቆዳ ላይ ሌዘርና አሲድ ራሳቸው ጥቁረት ሊያመጡ ስለሚችሉ ባለሙያው እንደ እኛ ባለ ቆዳ ላይ የሠራ መሆኑን መጠየቅ መብት ነው። በኢንተርኔት የሚሸጠውን ባለመርፌ መንኮራኩር ግን ቤት ውስጥ ፊት ላይ ማንከባለል ባክቴሪያ ያዛምታል፣ ቆዳ ይቀዳል። ያበጠው ጠባሳ በሐኪም በሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ ይሟሽሻል፤ የሲሊኮን ልጣፍም ይረዳዋል። ኬሎይድን ዝም ብሎ ማስቆረጥ ግን ብዙ ጊዜ አብጦ እንዲመለስ ያደርገዋል። በ1965 (እ.ኤ.አ.) ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ የተመሠረተው የአዲስ አበባው አለርት ሆስፒታል ዛሬ የቆዳ ሕክምና ዋና ቦታ ነው፤ ከሥጋ ደዌ ጋር በተያያዘው ስሙ አፍሮ ከመሄድ የሚቀር ሰው ካለ ራሱን ይጎዳል።

ከዚህ ሁሉ ለእኔ የሚከብደው የልጆቹ ነገር ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ፊቱ ላይ ሲነኩት የሚያም ጥልቅ እብጠት ሲወጣበት ዕድሜው ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል ይባላል። ብጉሩ ብዙ ጊዜ ይተወዋል፤ ጉድጓዱ ግን የሚቆፈረው በዚያ በመጠበቂያው ጊዜ ነው። በ2018 (እ.ኤ.አ.) የወጣ አንድ ጥናት የብዙ ብጉር ታማሚዎችን ፊት ለሁለት ከፍሎ፣ በአንዱ ጎን አዳፓሊንና ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የተቀላቀለበት መድኃኒት፣ በሌላው ጎን መድኃኒት የሌለበት ቅባት አስቀብቶ ነበር። ከ24 ሳምንታት በኋላ በታከመው ጎን ያሉት ጉድጓዶች ቀነሱ፣ ባልታከመው ጎን ጨመሩ።

ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ብዙ አያስወጣም፤ 2.5 በመቶው ለመጀመር ይበቃል፣ የትራስ ልብስና የሹራብ ቀለም ስለሚያስለቅቅ ብቻ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለውጡ እስኪታይ ከሁለት እስከ ሦስት ወር መታገሥ ያስፈልጋል። እብጠቱ ጥልቅ ከሆነ፣ ወላጆቹም በወጣትነታቸው ጠባሳ የቀረባቸው ከሆኑ፣ ሎሚና ማር ሲሞከር አንድ ዓመት ከሚያልፍ በዚሁ ወር ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂድ። ሐኪሙ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ወይም አይሶትሬቲኖይን ሊያዝ ይችላል። አይሶትሬቲኖይን ከሁሉ የሚበረታው የብጉር መድኃኒት ነው፣ ጽንስን ግን ክፉኛ ይጎዳል። ስለዚህ ሴት ልጅ ከመጀመሯ በፊት የእርግዝና ምርመራ ታደርጋለች፣ እየወሰደችና ካቆመች በኋላም ለአንድ ወር ማርገዝ የለባትም፤ ከጓደኛ የተረፈ ፍሬም ፈጽሞ አትዋጥ።